ቂም ይዤ እንዴት ልጸልይ?

ይህ ደብዳቤ ከአንዲት አንባቢያችን የደረሰን ነው። ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥረነዋል።

«እናቴ ስትታመም እኔ ርቄ ነበር የምኖረው። አብራት የነበረችው ታላቅ እህቴ ናት። ለመድኃኒትና ለምርመራ የሚሆነውን ገንዘብ በየወሩ ለእህቴ እልክ ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ነው ጉዱን የሰማሁት። በመጨረሻዎቹ ወራት ከላክሁት ውስጥ አብዛኛው ለመድኃኒት አልዋለም። እህቴ ለራሷ ጉዳይ አውላዋለች። እናቴ ደግሞ እንዳልጨነቅ ብላ ነው መሰለኝ አንድም ቀን አልነገረችኝም። ምነው ደውዬ ራሷን በጠየቅኋት!

ይኸው 3 ዓመት ሆነ። እህቴ አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ አላለችኝም። ስንገናኝ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰላም ትለኛለች።

ጸሎት የማላቋርጥ ሰው ነበርኩ። አሁን ግን አባታችን ሆይ ስል ‹እኛም ደግሞ የበደሉንን› የሚለው ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ። ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅስና ‹ወደ ፈተናም አታግባን› ላይ እቀጥላለሁ። ባለፈው የ7 ዓመት ልጄ ‹እማዬ፣ እዚህ ጋ ለምንድነው ሁልጊዜ ዝም የምትዪው?› አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ጸሎቱንም ትቼዋለሁ። ‹ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት› ይባል የለ?

ጓደኛዬ ስለ እህትሽ ጸልዪ ብላኝ ሞክሬ ነበር። አፌ አልታዘዝ አለኝ። እንዴት ላድርግ? መጀመሪያ ይቅር ብዬ ነው መጸለይ ያለብኝ? ደግሞስ ይቅር ካልኳት እንደ ድሮው ልሆንላት ነው? ምነው በጠየቅኋት እያልኩ ስንቱን ሌሊት አነጋሁት።»

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። 3 ዓመት ሆነ ብለሽ ጻፍሽ እንጂ ኀዘንሽ ገና እርጥብ ነው። ንዴቱ መንገድ ዘግቶብሽ እናትሽን በወጉ ያለቀስሽላት አይመስለኝም።

መልሴን በቀጥታ ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ቀስ ብዬ አመጣዋለሁ። ጸሎቱን ዛሬውኑ ጀምሪ። ይቅር እስክትዪ አትጠብቂ። ይቅር የሚባለው እዚያው ጸሎት ላይ ተሆኖ ነው። አንቺ ግን «መጀመሪያ ልቤን ላስተካክልና እመጣለሁ» ብለሽ ደጅ ቀርተሻል። እጄ ካልሞቀ እሳቱ ጋ አልቀርብም እንደ ማለት ነው።

ተረቱ እንዳስፈራሽ ይገባኛል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የምሰማው ነው፤ እውነትም አለው። ግን እስቲ ደግመን እንየው። ሳል ይዞት ሊሰርቅ የገባ ሰው ምን ያደርጋል? ትንፋሹን ይውጣል። አፉን በእጁ ያፍናል። እንዳልነበረ ሆኖ ሊወጣ ይፈልጋል። ተረቱ የሚወቅሰው እንደዚህ ያለውን ሰው ነው፤ ቂሙን ልቡ ውስጥ ቆልፎ በአፉ ብቻ የሚያሳምረውን። አንቺ ግን ሌባ አይደለሽም። የምትገቢው አባትሽ ቤት ነው። ሳልሽንም ገና ደጅ ሳለሽ ሰምቶታል። ስለዚህ አታፍኚው። ግቢና እፊቱ አውጪው።

ጌታም ይህንኑ ነው ያለው። ማርቆስ 11፥25 ላይ «ለጸሎትም በቆማችሁ ጊዜ» ይልና «በማንም ላይ አንዳች ቢኖርባችሁ ይቅር በሉት» ይላል። ልብ በዪ፤ ሰውየው ቆሟል። ጸሎት ላይ ነው። ቂሙ ያለውም ከእሱ ጋር እዚያው ነው። ይቅር በል የተባለውም እንደቆመ ነው። ውጣ፣ ጨርሰህ ተመለስ አልተባለም።

«መባህን ትተህ ሂድ የሚለውስ?» ትዪኝ ይሆናል። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለት ቃሎች ይቀላቅላቸዋል፤ እኔም ለዓመታት ቀላቅያቸዋለሁ። ማቴዎስ 5፥23-24 የሚናገረው ስለ ሌላ ሰው ነው። ወንድሙ በእሱ ላይ ቅሬታ ስላለው ሰው ነው፤ ማለትም ስለ በዳዩ። በዳይ መባውን ይተው፣ ይሂድ፣ ይታረቅ፣ ከዚያ ይመለስ። ተበዳይ ግን በቆመበት ይጸልይ። ያ ቃል የእህትሽ የቤት ሥራ ነው። አንቺ የእሷን የቤት ሥራ ተሸክመሽ ነው ከገዛ ጸሎትሽ የወጣሽው።

አሁን «ይቅር» ወደሚለው ቃል ልምጣ። በየቀኑ ከአፋችን ስለማይጠፋ ምን እያልን እንደሆነ እንረሳዋለን። «ቀረ» ከሚለው የመጣ ቃል ነው። ይቅር፣ አልፈልገውም፣ አልጠይቅበትም። በግዕዙ አባታችን ሆይ ደግሞ «ኅድግ ለነ» ይላል፤ ተውልን እንደ ማለት ነው። ወንጌሉ በተጻፈበት በግሪክኛም ያው ነው። ቃሉ አፊኤሚ ይባላል። ጴጥሮስና እንድርያስ መረባቸውን ትተው ጌታን ሲከተሉ ማቴዎስ የጻፈው በዚሁ ቃል ነው። መረቡ አልጠፋም፣ አልተቃጠለም። እጃቸው ለቀቀው፤ በቃ።

በሦስቱም ቋንቋ ቃሉ ስለ ስሜት አያወራም። «እወዳታለሁ» አይልም። «ረሳሁት» አይልም። «ምንም አልሆንኩም» ደግሞ ጨርሶ አይልም። የተበላሸ ነገር ከሌለማ የሚተው ነገርም የለም። ይቅር ማለት ዕዳ እንዳለ አውቆ፣ ዕዳውን ከሰውየው ጉሮሮ አንቆ ላለመቀበል መወሰን ነው።

አንቆ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ማቴዎስ 18 ላይ ያለውን የሁለቱን ባለዕዳዎች ምሳሌ ታውቂዋለሽ፤ ንጉሡ ትልቅ ዕዳ የተወለት ባሪያ 100 ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አንቆ ክፈለኝ ይለዋል። ብዙ ጊዜ ሲሰበክ የምሰማው 100 ዲናሩን እንደ ኢምንት ቆጥረው ነው። ልክ አይደለም። አንድ ዲናር በዚያ ዘመን የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ክፍያ ነበር። 100 ዲናር ማለት ከ3 ወር በላይ ፀሐይ ላይ የተለፋበት ነው። ለድሃ ቤተሰብ ትልቅ ገንዘብ ነው። ጌታ ምሳሌውን ሲናገር የተበዳዩን ጉዳት አላቃለለም። አንቺም የተወሰደብሽ ትንሽ ነው እየተባልሽ አይደለም። ከእናትሽ የተነጠቀው መድኃኒት ትንሽ አይደለም።

የመጀመሪያው ባለዕዳ ግን 10,000 መክሊት ነበረበት። አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ነው። አስቢው፤ 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ማለት ነው። አንድ ሰው አንድም ቀን ሳያርፍ ቢሠራ ከ160,000 ዓመት በላይ ይወስድበታል። ንጉሡ ይህን ተወለት። ከዚያ በኋላ ያለችውን አንዲት ቃል ተመልከቺ፦ «ያ ባሪያ ግን ወጥቶ» ይላል። ባልንጀራውን ያነቀው ከንጉሡ ፊት ከወጣ በኋላ ነው። ንጉሡ ፊት እንደቆመ ቢሆን ኖሮ እጁን ያን ያህል የሚያስጨክነው አይመስለኝም። አንቺም እንዳትወጪ የምለምንሽ ለዚህ ነው። ውጭ ሆነሽ 3 ዓመት ሙሉ ስሌቱን ብቻሽን ስትሠሪ ኖርሽ። ውስጥ ሆነሽ ሥሪው።

እሺ፣ ገባሁ እንበል፤ ምን ልበል? ትዪ ይሆናል። መጀመሪያ የሆነውን ንገሪው። የእህትሽን ስም ጠርተሽ፣ ወሩን ጠርተሽ፣ የላክሽውን ገንዘብ ጠርተሽ። «አምላኬ ሆይ፣ እናቴ መድኃኒት ሳይኖራት አድራለች፤ ያደረገችውም እህቴ ናት» በዪ። ድምፅሽ ከፍ ካለ ይበል። መናገር ካቃተሽ ጻፊው። ይህ ጸሎት አይመስልሽ ይሆናል፤ ግን መዝሙረ ዳዊትን ግለጪ። መዝሙር 109ን አንብቢ፤ በአንዳንዱ መጽሐፍ ቁጥሩ 108 ነው። ዳዊት ጠላቱ ላይ ያላወረደው የለም። ዕድሜው ይጠር፣ ልጆቹ ይለምኑ ይላል። መዝሙር 55 ደግሞ ለአንቺ የተጻፈ ይመስላል። ጠላት ቢሰድበኝ በታገሥሁ ነበር፤ አንተ ግን የቅርብ ሰዬ ነህ፣ የምታውቀኝ ነህ ይላል። እነዚህ ቃሎች ከመጽሐፉ አልተሰረዙም። የምእመናን ጸሎት ሆነው ቀርተዋል። ምክንያቱ ይገባኛል። ንዴት እግዚአብሔር ጋ ካልሄደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። እህት ላይ፣ ልጅ ላይ፣ የገዛ አካል ላይ ያርፋል። ዳዊት እርግማኑን ለአምላኩ ሰጠው፤ በሰይፍ ግን አልፈጸመውም።

አንድ ሳምንት ይሁን አንድ ወር፣ የፈለገውን ያህል በዚህ ቆይ። ማንም አያስቸኩልሽ። በተለይ ሐዘንተኛን «ቶሎ ይቅር በይ» እያሉ የሚያጣድፉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ቁስሉ ሳይታጠብ ፋሻ የሚያስሩ ናቸው።

ከዚያ ስለ እሷ መጸለይ ይመጣል። አፌ አልታዘዝ አለ ያልሽው እዚህ ጋ ነው። ጌታ መስቀል ላይ ሆኖ የጸለየውን ቃል በቃል ተመልከቺው። «አባት ሆይ፥ የሚያደርጉትን አያውቁምና ይቅር በላቸው» ነው ያለው። ሰቃዮቹን አይቶ «ይቅር ብያችኋለሁ» አላላቸውም። እነሱ አልጠየቁትም፤ እግሩ ሥር ልብሱ ላይ ዕጣ ይጣጣሉ ነበር። እሱ የተናገረው ወደ አባቱ ነው። እስጢፋኖስም ድንጋይ እየወረደበት «ጌታ ሆይ፥ ይህን ኃጢአት አትቍጠርባቸው» አለ። እሱም ወደ ላይ ነው የተናገረው። የወጋሪዎቹን ልብስ ይጠብቅ የነበረው ሳውል ይህን ጸሎት በጆሮው ሳይሰማው አልቀረም።

ለአንቺ ትልቅ በር የተከፈተው እዚህ ነው። «እህቴ፣ ይቅር ብዬሻለሁ» ለማለት ዛሬ አቅም የለሽም። እሺ። «አባት ሆይ፣ ይቅር በላት፤ እኔ ገና አልቻልኩም» ማለት ግን ትችያለሽ። ይህ ውሸት የለበትም። ግብዝነትም አይደለም። ግብዝ ያልቻለውን ቻልኩ የሚል ነው።

ከራሴ ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት አንዲት የሥራ ባልደረባ ነበረችኝ። በምስጢር የነገርኳትን ነገር ለአለቃችን አሳልፋ ነገረችብኝና ከሥራዬ ወጣሁ። ያኔ የምጸልየው «ጌታ ሆይ፣ እውነቱን አውጣ» እያልኩ ነበር። ለሚሰማው ንጹሕ ጸሎት ነው። ልቤ የሚለው ግን «አዋርዳት» ነበር። አንዲት ትልቅ እናት ይህን ስነግራቸው «ልጄ፣ ለጊዜው ስሟን ብቻ ጥሪው፤ ሌላ አትጨምሪበት» አሉኝ። የመጀመሪያው ቀን አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ጥርሴን ነክሼ ስሟን ጠራሁ። መብራቱን አጠፋሁና ተኛሁ። ሁለት ሳምንት ያህል ጸሎቴ ይቺው አንዲት ስም ነበረች።

አንድ ማታ የታጠበ ልብስ እያጠፍኩ ነበር። የልጄ ትንሽ ሹራብ እጄ ላይ ነው። ድንገት የእሷ ልጅ አስም እንዳለበት ትዝ አለኝ። ሥራ ላይ ሳለን ስልኳ በጮኸ ቁጥር እንዴት እንደምትደነግጥ ታየኝ። «ልጇን ማርላት» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። አስቤበት አይደለም። ሹራቡን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ያን ማታ ሁሉም ነገር አለቀ ልልሽ አልችልም፤ አላለቀም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እሷን ሳስብ የበደለችኝ ሴት ብቻ አልነበረችም። ስልክ ሲጮህ የምትደነግጥ እናትም ነበረች። ጸሎት ያደረገልኝ ይህንን ነው። በዓይኔ ፊት ሰው አድርጎ መለሳት።

ስለዚህ አንቺም ከስሟ ጀምሪ። ስሟ ራሱ ከከበደሽ «ያቺ የምታውቃት» በዪው፤ እሱ ይገባዋል። ከዚያ አንድ ቀን አንዲት ትንሽ እውነተኛ ነገር ጨምሪላት። ጤናዋን ይሁን፣ እንቅልፏን ይሁን። ልብሽ ያልደረሰበትን ትልቅ ምርቃት አትመርቂ። ጌታ «ስለሚያሳድዱአችሁም ጸልዩ» ሲል ጸሎቱ ረጅም ይሁን አላለም።

ይቅር ካልሽ በኋላ ንዴቱ ተመልሶ ቢመጣ አትደንግጪ። ይመጣል። እናትሽ ያረፈችበት ቀን ሲደርስ ይመጣል። የመድኃኒት ብልቃጥ ስታዪ ይመጣል። ኮሪ ተን ቡም የምትባል ሆላንዳዊት ክርስቲያን ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አይሁዶችን ቤታቸው ደብቀዋል ተብለው ከእህቷ ከቤትሲ ጋር ራቨንስብሩክ በሚባል የናዚ የሴቶች ማጎሪያ ታሰሩ። ቤትሲ እዚያው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1944 ሞተች። እ.ኤ.አ. በ1947 ኮሪ ሙኒክ ውስጥ ስለ ይቅርታ አስተምራ ስትጨርስ፣ ከዚያ ማጎሪያ ጠባቂዎች አንዱ የነበረ ሰው እጁን ዘረጋላት። እጇ አልነሣ አላት። በልቧ «ኢየሱስ ሆይ እርዳኝ» ብላ ጸለየች፤ እጇን እንደምንም አነሣችው። የቀረውን እሱ ሞላው ብላ መስክራለች።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔን የበለጠ የሚያጽናናኝ ግን ከዓመታት በኋላ የሆነው ነው። ይቺው ሴት በጣም የምትወዳቸው ክርስቲያን ወዳጆቿ ሲበድሏት ይቅር ብያለሁ ካለች በኋላ ሌሊት ሌሊት እየነቃች ትብሰለሰል ነበር። እንቅልፍ አጣች። ችግሯን ለአንድ የሉተራን መጋቢ ስትነግረው የቤተ ክርስቲያን ደወል አሳያት። ደወሉ የሚጮኸው ገመዱ ሲሳብ ነው። ሳቢው ገመዱን ከለቀቀ በኋላም ደወሉ ወዲያው ዝም አይልም። ይደውላል፤ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይሄድና ይቆማል። ይቅር ስትዪ ገመዱን ለቀቅሽ። ድምፁ ግን ለጊዜው ይሰማል። ድምፁ ስለተሰማ ገመዱን መልሰሽ መያዝ የለብሽም።

ጴጥሮስ ስንት ጊዜ ይቅር ልበል ብሎ ሲጠይቅ «እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት» የተባለውን ሰዎች 490 ለሚሆን የተለያየ በደል አድርገው ያስቡታል። እኔ እንደሚመስለኝ አንዳንዴ ለአንድ በደል ነው። አንዱኑ ነገር ጠዋት ትተዪዋለሽ፣ ማታ ትተዪዋለሽ።

አሁን ወደ ሌላው ጥያቄሽ። ይቅር ካልኳት እንደ ድሮው ልሆንላት ነው? አይደለም። ይቅር ማለት የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ አንቺና እግዚአብሔር ትጨርሱታላችሁ። እርቅ የሁለት ሰው ሥራ ነው። እሷ ያደረገችውን እስካላመነች ድረስ እርቁ ባዶ ነው። ሮሜ 12፥18 «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ» ሲል «በእናንተ በኩል» ብሎ ድንበር አበጅቷል። ያንቺን በኩል ብቻ ነው የምትጠየቂው። መተማመን ደግሞ ሌላ ነው፤ በሥራና በጊዜ ነው የሚገነባው። ለሌላ ታማሚ የሚሆን ገንዘብ በእሷ እጅ አትላኪ። ይህ ቂም አይባልም።

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። ናስ አንጥረኛው እስክንድሮስ እጅግ ከፍቶብኛል፣ ጌታ እንደ ሥራው ይመልስለታል፣ አንተም ተጠበቀው ይላል። በቀጣዩ ቁጥር ደግሞ ችሎት ፊት ስቆም ሁሉ ተዉኝ፣ ይህንም አይቍጠርባቸው ይላል። የሚጠነቀቅ ልብና ይቅር የሚል ልብ ያው አንድ ልብ ነው። ዮሴፍም ቢሆን ወንድሞቹን እንዳያቸው ወዲያው አላቀፋቸውም። ከተሸጠ ወደ 22 ዓመት ሆኖት ነበር። ፈተናቸው። ስምዖንን ያዘ፤ ብንያምን ይጨክኑበት እንደሆነ አየ። በመካከሉ ደግሞ ጓዳ እየገባ ያለቅስ ነበር። ያለቅስም ነበር፣ ይጠነቀቅም ነበር።

በዚሁ ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ልበል። ዛሬም እጅ የሚያነሣባችሁ ሰው ካለ፣ ይቅር ማለት እዚያው ቤት ሆኖ መመታት አይደለም። መጀመሪያ ውጡ፣ ለሕግም ለዘመድም ተናገሩ። ጸሎቱ ከሩቅም ይደርሳል።

እህቴ፣ ወደ አንቺ ልመለስ፤ የመጨረሻው ነገር ከሁሉም የከበደኝ ነው። ደብዳቤሽ ላይ «ምነው በጠየቅኋት» የሚለው ሁለት ጊዜ ተጽፏል። አንዴ መሐል ላይ፣ አንዴ መዝጊያው ላይ። የእህትሽ በደል እንቅልፍ እንደሚነሳሽ አምናለሁ። ግን ሌሊቱን የምታነጊው ከራስሽ ጋር ስትሟገቺ ይመስለኛል። እህትሽን ይቅር ያልሽ ዕለት ተከሳሽ ሆነሽ የምትቀሪው አንቺ ብቻ እንዳትሆኚ የፈራሽ ይመስለኛል። ተሳስቼ እንደሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ያልጠየቅሻት ስላመንሽ ነው። እህትን ማመን ኃጢአት አይደለም። ግን «ልደውል እያልኩ የተውኩት ቀን ነበር» የምትዪው ነገር ካለ፣ እሱንም ጨምረሽ ንገሪው። ወደ ንስሐ አባትሽ ወይም ወደምታምኛቸው መንፈሳዊ ሰው ሄደሽ ጮክ ብለሽ ብትናገሪው ደግሞ በጣም ይቀልልሻል። የእናትሽንም ናፍቆት አብረሽ አልቅሺው።

ዝም የምትዪበትን መስመር እስቲ ሙሉውን እዪው። «እኛም ደግሞ የበደሉንን ይቅር እንደምንል በደላችንን ይቅር በለን» ነው የሚለው። በዚህ የአማርኛ ንባብ ከባዱ ቃል ይቀድምና መንገዱን ይዘጋብሻል። በግዕዙና በግሪክኛው ግን የራስ ልመና ነው የሚቀድመው፤ «ተውልን» ይልና ነው «እኛም እንደምንተው» የሚለው። አንቺ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ዝም ስትዪ መስመሩን በሙሉ እየዘለልሽው ነው። የእህትሽን ብቻ አልዘለልሽም። 3 ዓመት ሙሉ ለራስሽ ምሕረት ሳትለምኚ ኖረሻል። ቢከብድሽ ከኋላው ጀምሪው። መጀመሪያ «በደላችንን ይቅር በለን» በዪ፤ የራስሽን ተቀበዪ። ከዚያ የቀረውን እንደ ቃል ኪዳን ሳይሆን እንደ ልመና በዪው፦ «የበደሉንን ይቅር እንድንል አድርገን።»

ዛሬ ማታ ከልጅሽ ጋር ቁሚ። እዚያ መስመር ላይ ስትደርሱ ድምፅሽ ቢቆራረጥ ይቆራረጥ። ልጅሽ ደግማ ከጠየቀችሽም እውነቱን ንገሪያት። «እዚህ ጋ ለእማዬ ይከብዳታል፤ ከእኔ ጋር በዪልኝ» በያት።